በስክሪኑ ጥግ ያለው ልጅ

ሱሪ ሰፊዋ፣ ሰው ወደ ሱቋ ሲገባ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ወገቡን ነው። ንቀት አይደለም፤ የሥራ ጠባይ ነው። ደንበኛው ገና ከበሩ ሳያልፍ ሆድ እንዳወጣ፣ አንዱ ትከሻው ዝቅ እንዳለ፣ ኪሱ ውስጥ የማይሆን ነገር እየጠቀጠቀ ስፌቱን እንደተረተረው ታውቃለች። ስሙን ግን ልብሱን ሊወስድ ሲመጣም አታስታውሰው ይሆናል። አፏ ቁጥብ ባይሆን ኖሮ በሰፈሩ ስንት ትዳር በፈረሰ!

ልጇ ከሩቅ ደውሎ «እማዬ፣ አዲሶቹን ሱሪዎች ወገባቸውን ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ፣ ወፍሬያለሁ» ያላት ቀን ግን ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ወንበር ፈለገች። ልጁ ጎልፍ ተጫዋች ነው። ታዋቂ አይደለም፤ ዱላውን ይዞ ከሜዳ ሜዳ የሚዞር፣ አንዳንዴ የሚቀናው፣ ብዙውን ጊዜ ከመሃል የሚቀር ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ጀርባው ተይዞ አልጋ ላይ ከርሞ ነበር። ሐኪሙም እሷ ባለችበት «ይሄ ወገብ ሌላ ጉዳት አይችልም፤ ካመመህ በዚያው ቀን አቁም» ብሎት፣ ልጁ ለእናቱ ቃል ገብቷል። ታዲያ የወፈረ ሰው ሱሪው ጭኑም ላይ ይጠበዋል። እሱ ያነሳው ወገቡን ብቻ ነው። ከሱሪ ስር የሚታሰረውን ወፍራም የጀርባ መደገፊያ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስታስርለት የከረመችው እሷው ናት፤ ስንት ጣት እንደሚወስድ ማንም አይነግራትም።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው።

«ኧረ እማዬ! ፈረስ ነኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሱሪዎቹን እንደተባለችው አስፍታ ሰፍታ ላከች፤ ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። ልጁን ብትጨቀጭቀው የባሰ ይደብቃታል። ሄዳ እንዳታየው ሜዳው ሩቅ ነው። የቀራት ከክር መደርደሪያው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ሲራመድ፣ አንድ ጊዜ ሲጎነበስ ብታየው ይበቃታል።

ቴሌቪዥኑን የሰቀለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጎልፍ ያለ ቀን ግን «መስመር ላይ ነኝ» ብሎ ደንበኞቹን ይሸኝና እህቱ ሱቅ ተጎልቶ ይውላል። የሚያመልከው አንድ ተጫዋች አለው፤ ሁልጊዜ ነጭ ኮፍያ የሚያደርግ፣ ፊቱ በየማስታወቂያው ላይ የተለጠፈ። በእነሱ ቤት ስሙ ባለነጭ ኮፍያው ነው።

ውድድሩ ተጀመረ። ባለነጭ ኮፍያው ከመኪናው ሲወርድ ታየ። የጫማውን ክር ሲያስር ታየ። ሙዝ ሲልጥ፣ ሙዙን ሲበላ፣ ልጣጩን የት እንደሚጥል ሲያስብ ታየ። በስክሪኑ ግርጌ የደረጃ ሰንጠረዡ እየተንሸራተተ ሲያልፍ የልጇ ስም አራተኛ ላይ ነበር። ባለነጭ ኮፍያውማ የት ወርዶ እንደነበር ለማየት ብዙ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር።

«ሙዝ የሚበላውን ያሳዩናል እንጂ የሚጫወተውን አያሳዩንም!» አለች መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ።

«እህቴ፣ ሰው የሚፈልገው እሱን ነዋ። እሱ ባይኖር ማን ቀኑን ሙሉ ሳር ሲያይ ይውላል? ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ትተው እድምተኛውን ይቅረጹልሽ?»

«ሙሽራ ማንንም አታሸንፍም። ይሄ ውድድር ነው! እስቲ አንደኛ የሆነውን ሰውዬ መልኩን ንገረኝ።»

የአንደኛውን ሰውዬ መልክ ወንድሟም አላየም። «ላለው ይጨመርለታል ይባላል፤ ምን ይደረግ» አለ።

እውነት ለመናገር እሷም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም። ልጇ በማይጫወትባቸው ውድድሮች «ያ መልከ መልካሙ ባለነጭ ኮፍያ ዛሬ የት ሄደ?» እያለች ስትጠይቅ የኖረች ናት። ሰው የራሱ ልጅ ጥግ ላይ እስኪቆም ድረስ መሃሉን ማየት አይሰለቸውም።

በማግስቱም ያው ሆነ። ቢቸግራት ስልኳን አንስታ ጣቢያው ዘንድ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች አንዲት ልጅ።

«የኔ ልጅ፣ ጎልፉን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ እናቴ።»

«እንግዲያው ካሜራችሁ አንገቱ ተይዟል። ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችው። «ማንን እንድናሳይዎት ፈልገው ነው?»

ሱሪ ሰፊዋ «ልጄን» ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፈረች። «አራተኛውን» አለች።

«አራተኛው ማን ነው?»

«ይኸው! እናንተም አታውቁትም!»

ልጅቷ ለሚመለከታቸው አስተላልፋለሁ አለች። ሱሪ ሰፊዋ አመስግና ዘጋች እንጂ አላመነቻትም። ለሚመለከታቸው የተላለፈ ነገር የት እንደሚገባ የማያውቅ የለም።

በመጨረሻው ቀን ወንድሟ እየሮጠ መጣ። ባለነጭ ኮፍያው በአንድ ቀን ሽቅብ ወጥቶ ከልጇ ጋር እኩል ነጥብ ላይ ስለደረሰ፣ ሁለቱ አብረው እንዲጫወቱ ተመድበዋል። «አሁንማ ቢፈልጉም ባይፈልጉም ያሳዩታል!» አለ። ሱቁን ዘጉ።

ልጁ ታየ፤ መታየት ከተባለ። መጀመሪያ ክርኑ ብቻ፣ ቀጥሎ ግማሽ ትከሻው። ባለነጭ ኮፍያው መትቶ ሲሄድ ካሜራውም ተከትሎት ይሄዳል፤ ልጁ የመታው ከኋላ በሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው የሚታወቀው። አንድ ጊዜ የባለነጭ ኮፍያው ኳስ ዛፍ ውስጥ ገባች። ካሜራው አብሮት ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መፈለግ ጀመረ። ያኔ ከስክሪኑ ጥግ፣ ከሩቅ፣ ደብዘዝ ብሎ አንድ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሱሪ ሰፊዋ በርጩማ ላይ ወጥታ ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጠፈች።

«ራስሽን ዞር አድርጊልኝ፣ ኳሱ ሊገኝ ነው!» አለ ወንድሟ።

«ዝም በል፣ ወገቡን እያየሁ ነው።»

ሱሪው የራሷ ነው፤ በሺህ ሱሪ መሃል ታውቀዋለች። ጭኑ ላይ እንደ ልቡ ወርዷል። አስፍታ የሰፋችው ወገቡ ግን ጥብቅ ብሏል። ከዚያ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ልጁ ኳሱን ከተተና ቆሞ ቀረ፤ ዱላ ተሸካሚው ነው ጎንበስ ብሎ ያወጣለት።

«መደገፊያውን አስሯል» አለች። «አሞታል። ዋሽቶኛል።» ተጫዋች ሜዳ ላይ ስልክ እንደማያነሳ ታውቃለች፤ ቢሆንም ደወለች። ዝግ ነበር።

ይሄኔ ተንታኙ በደስታ «እስቲ ብዙ ያላየነውን ተጫዋች ደግሞ እንመልከተው፤ ተመልካቾችም ስለ እሱ ጠይቀውናል» አለ። ወንድሟ ዞር ብሎ አያት። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የልጇ ፊት ሞላው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ላቡ በጆሮው ግርጌ ይወርዳል።

«አይሆንም» አለች። «ወደዚያኛው መልሱት። ሙዙን ይብላ!»

ልጁ ዱላውን ወደ ኋላ ሳበ፣ መታ። ዱላው ግን ዞሮ አልጨረሰም። በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አሁን ካሜራዎቹ ሁሉ አገኙት። ከላይ አሳዩት፣ ከጎን አሳዩት፣ ቀስ አድርገው ደግመው አሳዩት፤ ፊቱ ሲጨማደድ አቅርበው አሳዩት። ባለነጭ ኮፍያውን ያስታወሰው የለም። እናቱ ለሰው ሱሪ ልትቆርጠው ያዘጋጀችውን ሰፊ ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ገፍፋ ስክሪኑ ላይ ጣለች፤ ድምፁ ከጨርቁ ስር መውጣቱን ሲቀጥል ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ወንድሟ የነቀለችውን ገመድ አንስቶ ጠቀለለው። እሷ ስልኩን ታቅፋ ተቀመጠች። ልጄን አሳዩኝ ብላ የለመነችበትን አፏን ረገመችው።

ስልኩ ሲጠራ መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሹን ነው።

«እማዬ... አየሽ እንዴ?»

በጨርቅ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን ቀና ብላ አየችው።

«ምኑን አያለሁ?» አለች። «ያንን ባለነጭ ኮፍያ ሲያሳዩን ዋሉ እንጂ! ያንተን የክርንህን ጫፍ ነው ያየሁት። ተናድጄ አጠፋሁት።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ።

ልጁ አልተጠራጠረም፤ የቴሌቪዥኑን ጠባይ ከእሷ በላይ እሱ ያውቀዋል። «እንኳን አላየሽ» አለ፤ ድምፁም ላላ። «ወድቄ ነበር። አሁን ሐኪሙ ጋ ነኝ። እግርህን አንቀሳቅስ አለኝ፣ አንቀሳቅሻለሁ። ይድናል ብሎኛል፣ ጨዋታው ግን አይታሰብም። እማዬ፣ አልወፈርኩም።»

እንባዋን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች።

«እንግዲያው ሱሪዎቹን ይዘሃቸው ና፣» አለችው፣ «ወገባቸውን ላጥብብልህ።»