በፍርድ ቤቱ በር ላይ የቀረው ድንጋይ

ሀይደር እንድሪስ ደሴ ሆጤ የሚኖር፣ ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅ የሚቸረችር፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሱቁ በጦርነቱ ከተዘረፈ በኋላ በዱቤ እንደገና ቢያቋቁመውም ገበያው አልቀናውም። በመጨረሻም ዕዳውን መክፈል እንደማይችል አምኖ ኪሳራው እንዲታወጅለት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ማመልከት አንድ ነገር ነው፤ ችሎት ፊት መቆም ግን ሌላ ነው። ቀጠሮው በቀረበ ቁጥር እህል አልወርድለት አለ፤ ከችሎቱ በቀጥታ ወደ ወህኒ የሚወስዱት መስሎት ነበርና።

ሚስቱ ሰዒዳ «አብሽር፤ ያልሰረቀ ሰው ምን ብለው ያስሩታል?» ብትለው፣

«የሰው ዕቃ ወስጄ አልከፈልሁም። ከሌባ በምን እለያለሁ?» ይላታል።

ሰው ሲጨንቀው የሚሮጠው ወደሚያውቀው መፍትሔ ነው። በአገሩ ልማድ በዳይ ሽማግሌ ይዞ፣ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል፤ ተበዳዩ «አውርደው» ያለው እንደሆነ ቂሙ በዚያው ይቀራል። ሀይደርም በቀጠሮው ዕለት ጎረቤቱን ሼኽ ጀማሉዲንን ለምኖ ይዟቸው ሄደ። በሼኹ ጋቢ ሥር ጥቁር ድንጋይ ነበር።

በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ፈተሻቸው።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይቅርታው እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ሲወጡ ይወስዱታል።»

ሀይደር ያለ ድንጋዩ ጋሻውን የተቀማ ያህል ተሰማው። ችሎቱ ግን እንደ ፈራው አልሆነም። ዳኛዋ ወይዘሮ ጽናት ካስማሉት በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ይጠይቁት ጀመር። የማን የማን ዕዳ አለብዎ? ሱቁ ውስጥ ምን ቀረ? ወደ ዘመድ ያሻገሩት ንብረት አለ?

«ዕቃው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው። ያሸሸሁት የለም፣ ወላሂ።»

«መጀመሪያ ምለዋል፤ አሁን መልሱ ይበቃል።»

«ቤት ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ሚስቴ ትሰፋበታለች» አለ ሀይደር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከአበዳሪዎቹ ዋነኛው የጅምላ ነጋዴው እንየው ነበር። አስተያየቱን ሲጠየቅ ተነሣ።

«አጭበርባሪ ነው አልልም። እኔን ያናደደኝ ስልክ አለማንሣቱ ነው። ለሞተ ሰው እንኳ መርዶ ይነገራል፤ እኔ ግን መክሰሩን የሰማሁት ከገበያ ነው።»

ሀይደር አቀረቀረ። ዳኛዋ ኪሳራውን ካወጁ በኋላ የሱቁን ዕቃ ተረክቦ፣ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለአበዳሪዎቹ የሚያከፋፍል ንብረት ጠባቂ ሾሙ። የስፌት መኪናው የዕለት ጉርስ የሚገኝበት ስለሆነ አይነካም አሉ።

«እስራቱስ?» አለ ሀይደር።

«የምን እስራት? የሚከሰሰው የደበቀ ነው። እርስዎ ዛሬውኑ ቁልፉን ያስረክቡ፤ ሲጠሩም ይቅረቡ።»

ሀይደርና ሼኹ ከችሎቱ ወጡ። ጥበቃው ድንጋዩን መለሰላቸው። ሼኹ ወደ ጋቢያቸው ሊከቱት ሲሉ ሀይደር ተቀበላቸው፤ እንየው በበሩ ሲያልፍም ድንጋዩን በማጅራቱ አድርጎ ከፊቱ አጎነበሰ።

«ስለ ጨርቁ አይደለም» አለ፤ «ስለ ስልኩ ነው። አፍሬ ነው ያላነሣሁት። አውፍ በለኝ።»

እንየው ሼኹን አየ፤ ድንጋዩንም አየ።

«አውርደው እንጂ፤ ሰው እያየን ነው። ጨርቁን ሕጉ ይዞታል። አንተ ስደውል አንሣ።»

ሕግ ዕዳን ያከፋፍላል፤ ኀፍረትን ግን ባለቤቱ ራሱ ተሸክሞ ካላወረደው የሚያወርድለት የለም።

ሀይደር ቁልፉን ሊያስረክብ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፈረ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሳለ ስልኩ ጠራ፤ ወዲያው አነሣው።

«ሀሎ፣ እንየው?»

«ምንም አይደለም፤ ማንሣትህን ልፈትን ብዬ ነው» አለ እንየውና ዘጋው።

ሀይደር ብዙ ወራት ሳይስቅ ከርሞ ነበርና፣ ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።