አበልጄ የሸጠልኝ ዘይት

ነገሩ የሆነው አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም በሚልበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «ቂመኛ ነሽ» ይለኛል። አዎ፣ ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ የተወጋሁት በሩቅ ሰው እጅ አይደለም።

የምኖረው ጎባ ነው። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ አንድ ወንድ ልጅና ከፊትም ከኋላም የምትስብ ፒክአፕ ነው። ፒክአፗ ውርጫሙን የሳነቴን አምባ አቋርጣ ደሎ መና ትወርዳለች፤ ስትሄድ ሰውና ሸቀጥ፣ ስትመለስ ቡናና ማር ትጭናለች። የምንበላው ከእሷ ነው። የሚነዳት ጀማል ይባላል፤ የባለቤቴ የልብ ጓደኛ የነበረ፣ እሱ ካለፈ በኋላም ጥሎን ያልሄደ ሰው ነው።

ባለቤቴ በዲፈረንሻል ዘይት ቀልድ አያውቅም ነበር። «የሳነቴ መኪና በአንድ ቀን ሁለት አገር ትኖራለች» ይል ነበር። ጠዋት ጎባ ላይ ውርጭ ነው፤ ወፍራሙን ዘይት ካደረጉባት እንደ ቅቤ ይረጋና ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጎማ የሚያዞሩት ጥርሶች ደርቀው ይፋጫሉ። ቀትር ላይ መና ስትደርስ ሐሩር ነው፤ ቀጭኑ እንደ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚችለውን ሲንቴቲኩን፣ ሾፌሮች «ሰባ አምስት ዘጠና» የሚሉትን ካልሆነ በቀር ሌላ አያስነካትም። ሽታው ግን አይጣል ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። ስንት ዓመት ልብሱን ሳጥብ ያ ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ኖሯል።

ዘይቱን የምንገዛው ሮቤ፣ ከአበልጄ ሱቅ ነበር። ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ አንቱ እንባባላለን፣ ክፉ ቃል አንለዋወጥም። ስሙን ለልጄ ስል አልጠራም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ትቼ «እሱ» እለዋለሁ፤ በዚህች እንኳ ልተንፍስ።

ያን ታኅሣሥ የዘይት መቀየሪያዋ ደረሰና ሮቤ ወሰድናት። አበልጄ ሳቅ በሳቅ ሆኖ የታሸጉ ቆርቆሮዎች ከጓዳ አወጣልኝ። «ይሄን ለማንም አልሸጥም፤ ለእርስዎ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው» አለኝ። እኔም መርቄው ተቀበልኩ። ጀማል ገበያ ውስጥ ሸቀጥ ሲሰበስብ የሱቁ ሠራተኛ አሮጌውን አፍስሶ አዲሱን ሞላው። የተረፉትን ሁለት ቆርቆሮዎች ወደ ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ እኔም ቡና ልገዛ አብሬ ተሳፈርኩ። ከጎባ ስንነሳ መኪናዋ ከብዳለች። ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ ማልቀስ ጀመረች፤ ጀማል ጆሮውን ቀሰረ። ሳነቴ ሜዳው ላይ ስንወጣ የሚነድ ነገር ሸተተን፣ ቀጥሎ «ቋ» አለና የኋላ ጎማው ተቆለፈ። ከላይ የተሳፈሩት ሴቶች «ያ ረቢ» እያሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረቡ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን።

ጀማል ከሥር ገብቶ የዘይቱን መሙያ ፈታና ጣቱን ነክሮ ወጣ። ጣቱ ላይ ጥቁር ዘይት አለ፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ብልጭ ብልጭ ይላል። አሸተትኩት። ያ የማውቀው ግማት የለም። የሚሸተው ያረረ ነገር ነው።

ጀማል ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄ የዲፈረንሻል ዘይት አይደለም። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት ነው፤ ወላሂ» አለኝ።

ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ እኔን ግን ብርዱ አልተሰማኝም። ተሳፋሪዎቹን ሌላ መኪና ወሰዳቸው። እኔ ወደ ጎባ ሲያልፍ ያገኘሁት የጭነት አይሱዙ ላይ ወጥቼ በቀጥታ ሮቤ ወረድኩ።

አበልጄን አገኘሁት። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ አዘነልኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሾፌሬ ሲንቴቲኩን አፍስሶ ሸጦት አሮጌ ሞልቶበት ይሆናል፣ ባል የሌላት ሴት እንዲህ ነው የምትበላው፣ ነገ ዛሬ ሳትይ አባሪው ብሎ መከረኝ። በእርግጥ እሱ «ሳይሉ ያባርሩት» ነው ያለው፤ አንቱታውን አልረሳም። እያባበለ ነው የሚያርደው።

ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ሥር ካሉት ቆርቆሮዎች አንዱን ከፈትኩ። ጀማል እነዚህን በዓይኑም አላያቸውም፤ የመኝታ ክፍሌ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። አሸተትኩ። ያው ያረረ ዘይት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ለመኪናዋ አልነበረም። ባለቤቴ ታሞ ሳለ አበልጄ እጁን ይዞ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ሲለው ስለሰማሁ ነው።

ሁለተኛውን ቆርቆሮ ግን አልከፈትኩም። ጠራርጌ ወደ ቦታው መለስኩት። ከጀማል በቀር ለማንም አልተነፈስኩም።

ፒክአፗ ደጄ ላይ ድንጋይ ተደግፋ እስከ ፋሲካ ቆመች። ላሜን ሸጬ ነው ያስጠገንኳት። ልጄ ወተት ለምዶ ከርሞ በባዶ ሻይ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ጀማል በሰው መኪና ተቀጥሮ በየጊዜው ዱቄት ይልክልናል። አበልጄ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ «እንደምን ሰነበቱ» ይለኛል። እኔም ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቃለህ እያልኩ።

ወደቀ። ከፋሲካ በኋላ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣና ለምርቃቷ ጠራን። ጠላው፣ ዳቦው፣ ድንኳኑ አይጠየቅም። ቄሱ ጸበል ረጯት። እሱ ወገቡን ይዞ፣ ነገ ዘይቷን ቀይሬ በሳነቴ መና እወርዳለሁ እያለ ለሾፌሩም ለነጋዴውም ያወራል።

እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። ከነጠላዬ ሥር ያንን ቆርቆሮ አወጣሁ። «አበልጄ፣ ባዶ እጄን አልመጣሁም። የሳነቴ መኪና ያለ ሲንቴቲክ አይሆንላትም፤ ይኸው ለዲፈረንሻልዎ። ጀማል ይሙላልዎት፤ ሁላችን እያየን ይመረቅ» አልኩ። ሰዉ አጨበጨበ። ቄሱ ቆርቆሮውንም ባረኩት።

ጀማል የመሙያውን መፍቻ በኪሱ ይዞ ነበር የመጣው። ኮቱን አውልቆ ከመኪናዋ ሥር ተንጋለለ። አበልጄ ቆርቆሮውን አወቀው፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ተዉት፣ ነገ ይደርሳል፣ ልብሱ ይቆሽሻል» ማለት አበዛ። ጀማል መሙያውን ፈታ። ማሸጊያውን ሊቀድ ሲል አበልጄ ዘሎ እጁን ያዘው።

«ተው! እሱን አትጨምርባት!»

«ለምን አበልጄ?» አልኩ። «ከእርስዎ ሱቅ የገዛሁት እኮ ነው። ለማንም አልሸጥም ብለው ለእኔ ያወጡልኝ።»

የጀማልን እጅ ለቆ ወደ ኋላ ሸሸ። ድንኳኑ ውስጥ ጠላ የሚቀዱት እንኳ ቆሙ። ከኋላ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ «እኔም ከእዚያው ነው የምገዛው» አለ። ሌላም ተነሳ። ዳቦው ሳይቆረስ ሰዉ እየተነሳ ወጣ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ከእሱ ዘይት የገዛ ሾፌር የለም። አሁን የሚሸጠው ሚስማርና ቀለም ነው።

ሽማግሌም ላከ። ቄሱና ከሮቤ አንድ ሐጂ መጡ። ቄሱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ገሠጹኝ። ሐጂው «ዲሲ፣ ተይው ልጄ» አሉኝ። አከበርኳቸው፤ እምቢ አላልኩም። ቆርቆሮውን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና፣ ይሄን ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጨምሮ ሳነቴን ያቋርጥ፣ የዚያን ቀን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር እለዋለሁ አልኳቸው። ሐጂው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እሱ ግን አልመጣም።

ዓመታት አልፈው ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የክርስትና አባቱን ጠራ። ደግ አደረገ፤ ጠቡ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። አበልጄ ሸምግሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ዝቅ ብዬ ተቀበልኩት፤ ከቄሱ ቀጥሎ የክብር ቦታ አስቀመጥኩት፤ ቀይ ወጡን፣ አልጫውን በእጄ አቀረብኩለት። ፊት ለፊቱ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከባለቤቴ ፎቶ ጎን፣ ቆርቆሮው አለ። አቧራውን በየሳምንቱ እወለውላለሁ።

አንድ ጉርሻ አልዋጠም። «ይብሉ እንጂ አበልጄ» አልኩት።

ማሸጊያው ዛሬም አልተነካም። ይቅርታ የሚፈልግ መጥቶ ይውሰደው።