በምላጭ ሥር የተባለ አሜን

ወንድም ጋሼ ጌታን ያገኘ ሰሞን አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንዷን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን፣ እሱ በወዲያ በኩል ወንዶቹን ይላጫል፣ እኔ በወዲህ የሴቶቹን ፀጉር እሠራለሁ። ስለዚህ የማወራው ሁሉ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ጆሮዬም እስኪበቃው ሰምቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ጋለል ይላል፤ ወንድሜ ሳሙናውን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ፣ “ወንድሜ፣ ዛሬ ብትሞት የት ትሄዳለህ? ጌታን ትቀበላለህ?” ይለዋል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሰውየው ምራቁን እንኳ ሳይውጥ “አሜን” ይላል። እሁድ ምስክርነት ሲጠየቅ ቀድሞ የሚነሣው ወንድሜ ነው። “በዚህ ሳምንት ሰባት ነፍስ!” ይላል ደረቱን ነፍቶ። ከሰባቱ አንዱም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ረግጦ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ “አሜን በል” የሚል ስም አወጣለት።

አባታችን ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እግዚአብሔርን አይጠላም፤ የሚጠላው መገፋትን ነው። አንድ ቀን እሱም እዚያው ወንበር ላይ እንዳለ ያው ጥያቄ ቀረበለት። ፎጣውን ወርውሮ ተነሣ።

“ሠላሳ ዓመት ገደል ለገደል ነድቻለሁ፤ የገዛ ልጄን ያህል ግን ያስፈራኝ የለም!” አለና ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጢሙን ለቀቀው። ሌላ ፀጉር ቤት ቢሄድ ልጁን ማዋረድ መሰለው፤ እኛ ጋ ደግሞ አይመጣም። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ እንኳ የሚባባሉት በእኔ በኩል ሆነ። ወንድሜ ግን “አባዬ ልቡ ደነደነ” ይላል እንጂ ራሱን አልጠረጠረም። ቆሽቴ አረረ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ የማናውቀው ቀጭን ጎልማሳ ሊላጭ ገባ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ምላጩን አሳርፎ ጠየቀው። ሰውየው አገጩን ሲያንቀሳቅስ ምላጩ ጫር አደረገው፤ “አሜን! አሜን!” አለ ዓይኑን እያሻሸ። እሁድ ወንድሜ ተነሥቶ፣ “ሐሙስ ዕለት አንድ መንገደኛ በእንባ ጌታን ተቀበለ!” ሲል፣ አዲስ የተመደበው መጋቢ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ ጉባኤው ዞረ። አገጩ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

“መንገደኛው እኔ ነኝ” አለ። “ያስለቀሰኝ ግን ሳሙናው ነው።”

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉ በላይ ሳቅሁ።

መጋቢው በማግስቱ ሱቃችን መጣ። “ቅንዓትህ ደግ ነው፤ አሁን ማደግ አለበት” አለው። “ለአንድ ዓመት ወንበርህ ላይ የተቀመጠውን ሰው አዳምጠው። ስለ ጌታ የምትነግረው ሲጠይቅህ ብቻ ይሁን።”

“ካልጠየቀኝስ?”

“አሳምረህ ላጨው።”

የመጀመሪያው ወር ጭንቅ ነበር። ቃሉን እየዋጠ ጉሮሮው ሲያብጥ በመጋረጃው በኩል “ወንድም ጋሼ፣ እንዳትፈነዳ!” እለዋለሁ። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ደንበኞቹ ማውራት ጀመሩ። ግንበኛው የሚስቱን ሕመም ነገረው፤ ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሄደ። እዚያ ጢማቸው ያደገ በሽተኞች አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ዕቃውን ይዞ እየሄደ ይላጫቸው ጀመር። ይህን ግን በምስክርነት አላወራውም፤ እኔም የሰማሁት ከግንበኛው ነው።

አንድ እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ “አባዬ፣ ያን ቀን አስፈራርቼሃለሁ። ይቅር በለኝ” አለ። አባዬ “እህ” ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ወንድሜ አልተቀየመም፤ ስለ ድሮው መኪናው ጠየቀውና ወሬው እስኪያልቅ አንድም ቃል ሳያስገባ ሰማው። በወንድሜ ኮራሁ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አባዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገባና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። “ላጨኝ” አለ። መጋረጃውን ገልጬ ቆምኩ። የደንበኛዬ ፀጉር ተረሳ። ወንድሜ ያን ሁሉ ጢም አንድም ጥያቄ ሳያነሣ ላጨው። ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረገለት፤ አባዬ ግን አልተነሣም።

“ነገን ፈርቻለሁ” አለ። “ያ የምታወራለት ጌታህ፣ እንደኔ ያለውን ግትር ሽማግሌ ይሰማል?”

“ይሰማል፣ አባዬ።”

“እንግዲያው ንገርልኛ።”

ያ አፈ ጮሌ ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኮ የአባዬን እጅ ያዘ። “ጌታ ሆይ፣ አባቴን አደራ” አለ።

አባዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

“አለቀ?”

“አለቀ፣ አባዬ።”

“ሳልፈልግ ትግተኝ የነበርከው ልጅ፣ ራሴ ስለምንህ ትሰስታለህ? ቀጥል እንጂ!” አለና የወንድሜን እጅ ጨብጦ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።