ለቡሬ የተሰጠ ሃያ ሰከንድ

ዝግተኛ ሰው አልወድም ነበር። ዝግታንና ስንፍናን አንድ አድርጌ ነበር የማየው። ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ሆኜ ስቀጠር፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ የምመልስ ችኩል ነበርኩ፤ ችኮላዬንም ጉብዝና እያልኩ እጠራው ነበር።

ሥራዬ ያረጀ ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ከተማው ሁሉ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ፣ እኛ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተርፎ የመጣልን፣ የተጻፈውን በትንንሽ እሽግ እየቆራረጠ በስልክ ሽቦ የሚልክ መሣሪያ ነበረን። ሰው ይስቅብን ነበር፤ ነገር ግን ኢንተርኔቱ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። ደምበጫ፣ ቡሬ፣ መራዊና ዱርቤቴ ያሉት የዘርና የማዳበሪያ መጋዘኖች እያንዳንዳቸው አንድ ተርሚናል ነበራቸው፤ ተርሚናል ስል ስክሪንና የፊደል ገበታ ብቻ ማለቴ ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ያለቀበትን ይጽፋል፣ ጽሑፉ ፍኖተ ሰላም ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ መኪናም በዚያ መሠረት ይጫናል። ያልጻፈ መኪና አያገኝም።

ለእያንዳንዱ ተርሚናል ፕሮፋይል ይሠራለታል። ፕሮፋይል ማለት ተርሚናሉ ከመስመሩ ጋር የሚግባባበት ደንብ ነው። የጻፍከው ፊደል ለራስህ ይታይህ ወይስ አይታይህ፣ ስትሳሳት ይነገርህ ወይስ በዝምታ ይታለፍ፣ ስንት ሰከንድ ዝም ስትል መስመሩ ይዘጋብህ፤ ለሁሉም ቁጥር አለው። የዱርቤቴው ሠራተኛ መስመሩን እንደከፈተ ገበያ እየወጣ የሌሎቹን መንገድ ቢዘጋብኝ፣ ተናደድኩና በአንዱ ጥፋት ሁሉንም ቀጣሁ። ሃያ ሰከንድ ዝም ያለ ይቆረጥ አልኩ። ስክሪኑም ንጹሕ እንዲሆን ብዬ የስህተት ማስታወቂያውን አጠፋሁት። በሥራዬ ኮርቼ ምሳዬን በላሁ።

ሰኔ ገባ። ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ የሚሻበት ወር ነው። ደምበጫ ይጽፋል፣ መራዊ ይጽፋል፣ ዱርቤቴም አደብ ገዝቶ ይጽፋል። ቡሬ ብቻ ዝም አለ። የቡሬው ሠራተኛ ጡረታ የተቃረቡ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው ናቸው። የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው በሚኒባስ ይልካሉ፤ ወረቀቱ የሚደርሰው መኪናው ሌላ ቦታ ከሄደ በኋላ ነው። የቡሬ ገበሬዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

ኃላፊዬ ጠርቶ ጠየቀኝ። ከወንበሬ ሳልነሳ መስመሩን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። በየጠዋቱ ከቡሬ ሦስት አራት ጊዜ መስመር ይከፈታል፣ ከሃያ ሰከንድ ዝምታ በኋላ ይዘጋል። ሰውየው አልገባቸውም ማለት ነው አልኩ። በአንዲት ገጽ «መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሠራተኛው ችሎታ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኃላፊዬ ደብዳቤዬን አንብቦ፣ ጋሼን ወደ ጥበቃ አዛውሮ በቦታቸው ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ሊያስቀምጥ ወሰነ። እኔን ደግሞ ለአዲሱ ሰው ተርሚናሉን እንዳዘጋጅ ወደ ቡሬ ላከኝ።

መጋዘኑ ስደርስ ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ካከበርኳቸው በላይ አክብረው ተቀበሉኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም ዘንቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ በየመሀሉ ሰዓቴን አያለሁ። ስንገባ የመጋዘኑ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ በአንድ ገመድ ታስረው ተቀምጠዋል።

«ቁልፉን ልትቀበይኝ መምጣትሽ አይደል?» አሉኝ። «ኃላፊው ደውሎ ነግሮኛል።»

«መጀመሪያ እንዴት እንደሚጽፉ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። መስመሩን ያለ ስህተት ከፈቱ፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ልጃቸው በስልክ እንዳስተማረቻቸው በላቲን ፊደል፣ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ጻፉና መላኪያውን ነኩ። እጃቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አንገታቸውን ትንሽ ደፋ አድርገው ጠበቁ። ስክሪኑ ዝም። ሃያ ሰከንድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። መስመሩ ተዘጋ።

«አየሽ?» አሉ። «ዛሬም አኮረፉ።»

«ማን?»

«እናንተ ናችኋ! ያን የመጀመሪያ ዕለት እንደምን አደሩ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ፣ እግዜር ይመስገን ብዬ መለስሁ። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ ነሳችሁኝ። ሰው ሰላምታውን ሳይመልስልኝ፣ ይህ አለቀብኝ ያን አምጡልኝ ብዬ እንዴት እጀምራለሁ? ለማኝ እንኳ መጀመሪያ ሰላም ይላል። ምን አጠፋሁ ብዬ ሳሰላስል ከረምሁ። ስሙን ፍኖተ ሰላም ብለው ሰላም የማይገኝበት መንገድ አደረጉት አልሁ። ኋላ ኃላፊው ሲደውል ገባኝ፤ ለካ ልታባርሩኝ ቆርጣችሁ ኖሯል ዝም ያላችሁኝ።»

ያን የመጀመሪያ ዕለት የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። መስመሩን ለመፈተሽ ከፍኖተ ሰላም ተቀምጬ፣ የመጣልኝን ቃል ጻፍኩ፤ መለሱልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ሥራው አለቀ ብዬ ተነሳሁ። ከነገ ጀምሮ ከወዲያ የሚያነበው ኮምፒውተር እንጂ ሰው አይደለም ብዬ አልነገርኳቸውም። የማይነገር ነገር ነው ብዬ አስቤም አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ሰላምታቸውን ኮምፒውተሩ እንደ ስህተት ቆጥሮ ይጥለዋል፤ ስህተቱ እንዳይነገራቸው ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩን ሳላስተካክል መናገር አፍሬ ወደ ገበታው ተጠጋሁና የቡሬን ፕሮፋይል ለብቻው መሥራት ጀመርኩ። የዝምታውን ጊዜ አረዘምኩት። መስመሩ ሲከፈት «እንደምን አደሩ» የሚል ጽሑፍ ራሱ እንዲመጣላቸው ላደርግ ስል ጠየቁኝ።

«ይህን ማን ነው የሚጽፈው?»

«ማንም አይጽፈውም፣ መሣሪያው ነው። ከወዲያ ሰው የለም ጋሼ። ከመጀመሪያው ዕለት በቀር ኖሮ አያውቅም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ሰው ከሌለማ ለማን ሰላም እላለሁ? ተይው፣ አትልፊ።» ወንበሩን ሳቡ፣ መስመሩን ከፈቱ፣ ያለቀባቸውን ዘርና ማዳበሪያ በአንድ ጣት ሳያቋርጡ ጽፈው ላኩ። ተቀበለ። «ይቺን ያን ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ያዘጋጀሁት አዲስ ፕሮፋይል ሁሉ አላስፈለገም። ያስፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን የነገርኳቸው ልሄድ ስነሳ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፎቹን ከጠረጴዛው አንስተው ወገባቸው ላይ አሰሩና «እንግዲህ እግዜር ይይልሽ» ብለው ወደ ጆንያዎቹ ዞሩ። እስከ በር አልሸኙኝም።

ኃላፊዬን ፊት ለፊት ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። «እንደ ፊተኛው በጽሑፍ አምጪው» አለኝ። ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን አምስት እጥፍ ጊዜ ፈጀብኝ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ጋሼ ቦታቸው ላይ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከአራቱ መጋዘኖች ቀድሞ የሚደርሰው የቡሬ ጽሑፍ ነበር። ይህ ጎደለ፣ ይህ ይላክ፤ ሌላ ቃል የለበትም። በየጠዋቱ አነበዋለሁ። እኔ እንደምፈልገው የሆነ ነበር፣ አጭርና ንጹሕ፤ ግን አንብቤ ስጨርስ የጎደለውን ሰላምታ እፈልግ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን ከመስመሩ ነቅዬ በራሴ ተርሚናል ወደ ቡሬ ከፈትኩና «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ብዙ ቆየ። አንብበው ትተውኛል፣ ይገባኛል አልኩ። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ።

«እግዜር ይመስገን። አንች ግን ሰው ነሽ?»

በቅንነት ይሁን በቅኔ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «ሰው ነኝ» ብዬ መለስኩላቸው፤ ሁለቱን ቃል ለመጻፍ ከእሳቸው ይበልጥ ዘገየሁ።