አንድ ዓረፍተ ነገር ለማጣራት ወደ ቡሬ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተነሣሁ። በጡረታ የተሰናበትሁበት የኤፍ ኤም የሙዚቃ ጣቢያ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ስለ ሆነ ታሪኩን እንድጽፍለት ጠይቆኛል። በረቂቄ ውስጥ “አስተዋዋቂው ጌታነህ በቸልተኝነት የሟች ሰው የዘፈን ምርጫ በማንበቡ ከሥራ ተሰናበተ” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እርሱን ለማጣራት ነው የሄድሁት።

የገጠሩ አድማጭ የዘፈን ምርጫውን ጽፎ በገበያተኛ እጅ ይልክልን ነበር። ሰው ሲሞትም፣ ለቅሶ ቤት ዘፈን እንዳንልክ፣ መርዶው በጽሑፍ ይደርሰናል። እኔ ምርጫውን በአንድ ሚስማር፣ መርዶውን በሌላ እሰካለሁ፤ ጌታነህ ከስርጭት በፊት ሁለቱን ያመሳክራል። የዚያ ሰው መርዶ ከሚስማሩ ላይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ አስታውሳለሁ ብዬ አምናለሁ ማለቱ ይሻላል። ካልነበረ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቡሬ፣ ሁለት ሰዓት

ገበያው በበርበሬ ጆንያ ተሞልቶ ከሚኒባሱ የወረድነው ሁሉ እናስነጥሳለን። ጌታነህ ከገበያው ጀርባ ሬዲዮ ይጠግናል።

“ጋሼ! ምን ተበላሽቶብዎት መጡ?”

“ትውስታዬ።”

“መለዋወጫ የለውም፤ እሱን አንቀበልም።”

የመጣሁበትን ስነግረው ሳቁን አቋረጠ። “ቆይቷል እኮ፤ እንደ ጻፉት ይሁን” አለ፣ ዓይኑን ከብየዳው ሳያነሣ። ይህ መልስ ጥርጣሬዬን አባሰው። የሟቹ ባለቤት በሽንዲ መንገድ እንደሚኖሩ ከአፉ አውጣጣሁ። ብቻዬን ልሄድ መሆኔን ሲያይ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ።

የሽንዲ መንገድ

በአይሱዙ ጋቢና ኮረኮንቹ እያነጠረን ሄድን። ከወረድን በኋላ በበቆሎ ማሳ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ወይዘሮ ይታይሽ በራፋቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ጌታነህን ያውቁታል፤ ሬዲዮናቸውን የሚጠግንላቸው እሱ ነው።

“አንተ፣ አሁንም ከሳህ! ሚስትህ አታበላህም?” አሉት። ማንነቴን ስነግራቸው መነጽሬን አተኩረው አዩ። “መርዶውን ያደረሰችው እኅቴ ናት። ‘ባለ መነጽሩ ሰውዬ ተቀብሎ ከኮቱ ኪስ ከተተው’ ብላኝ ነበር። ለካ እርስዎ ነበሩ?”

ወደ ጌታነህ ዞርሁ።

“ምርጫው በተነበበ ማግሥት ከኪስዎ ብቅ ብሎ አይቼዋለሁ” አለ። “ጡረታዎ ሁለት ወር ነበር የቀረው። እኔ ወጣት ነበርሁ፤ እጄም ሥራ ያውቃል።”

ይቅርታ ልጠይቅ ስሞክር ወይዘሮዋ አቋረጡኝ።

“ባሌ ሳይታመም የላከው ነው። ባረፈ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የጎረቤት ሬዲዮ ‘ለባለቤቴ ለይታይሽዬ’ አለ። ወንድሞቹ ተቆጥተው ከሰሱ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር አንድ ቀን አቆላምጦ ጠርቶኝ አያውቅም! አገር እየሰማ ነው የጠራኝ። እንኳን አነበባችሁት!”

ጌታነህ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም፤ እሳቸው የተደሰቱበት ነገር እሱን እንጀራውን አሳጥቶታል።

ፍኖተ ሰላም፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ቤቴ እንደ ገባሁ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ ጥፋቱን በራሴ ስም ጻፍሁ። ከጉዞው የተማርሁት ትውስታ ለባለቤቱ እንደሚያደላ ነው፤ የእኔ ደግሞ የሰው ስም እስከማጉደፍ ደርሷል። ሰኞ ጽሑፉን ሳስረክብ፣ ለበዓሉ በክብር እንግድነት የተጻፈልኝን የጥሪ ወረቀት መለስሁና በጌታነህ ስም እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ የአባቱን ስም ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ስላልነበርሁ ከመናገሬ በፊት ቡሬ ደወልሁ።