መኝታ ቤቴ የአሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ የሆነ ጊዜ

የእማዬ የትዳር ድለላ እኔን ያስከፈለኝ መኝታ ቤቴን ነው። ዛሬ ለሠርግ ድንኳንና ወንበር እያከራየሁ የምኖር ሰው ስለሆንኩ የሚታጠፍ ወንበር ሲዘረጋ ሲጢጥ የሚለውን ድምፅ ጠዋት ማታ እሰማለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ግን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የነበረው አፓርታማችን ይመጣብኛል፣ አልጋዬ ተፈታትቶ የወጣበትና በቦታው ሁለት ታጣፊ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ የገቡበት ቀን።

እኛ የጎንደር ቤተ እስራኤሎች ነን፣ ወደ አሜሪካ የመጣነው በዲቪ ነው። እማዬ ከወንዝ ማዶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ የሱሪ ጫፍ ስታጥፍ ትውል ነበር። አንድ ቀን ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡ ወይዘሮ ሮዛ የሚባሉ አሮጊት አንገቷ ላይ ያለውን የዳዊት ኮከብ አይተው «አንቺ ደግሞ እንዴት ሆነሽ ነው አይሁዳዊት የሆንሽው?» ብለው ጠየቋት፤ እማዬም ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ «እኔ እንኳ ተወልጄ ነው፤ እርስዎስ?» አለቻቸው። በዚያው ሳቅ ተዋወቁ። ወይዘሮ ሮዛ የአይሁድ ልጆችን የሚያገናኙ የትዳር ደላላ ነበሩ፣ ሥራቸው ግን ደንበኛ እየራቀው ነበር።

በዚያ ዊንተር ማስታወቂያ አሳትመው ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር በየጭፈራ ቤቱ በር ያስበትኑ ነበር፤ ወረቀቱም በረዶ ላይ ወድቆ ይረገጥ ነበር። እማዬ ዝም ማለት አልቻለችም። «የሚያገባው ልጁ ነው፤ እንቅልፍ ያጣችው ግን እናቱ ናት። እናቲቱ ዳቦ የምትገዛበት ይለጥፉት» አለቻቸው። የሰንበት ዳቦ በሚሸጥበት ዳቦ ቤት ተለጠፈ፣ ስልኩም መጮህ ጀመረ። ዕቃን ለሚጠቀምበት ሳይሆን ለሚጨነቅለት መሸጥ የተማርኩት ያኔ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት ብዙ አላስቸገርኩም።

ስፕሪንግ ሲገባ የቨርጂኒያ እናቶች በዚያ ትራፊክ ወንዝ ተሻግረው መምጣት ሰለቻቸውና ወይዘሮ ሮዛ አሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ ለመክፈት አሰቡ። እማዬ «ክፍል አለኝ» አለች፤ ያላት ክፍል የኔ ነበር። ውላቸው አጭር ነው፦ እስከ ፎል፣ እስከ አይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት ድረስ አንድ ጥንድ ከተጫጨ እማዬ ከምድር ቤቱ ወጥታ የቅርንጫፉ ኃላፊ ትሆናለች፣ ካልተጫጨ ወንበሮቹ ይታጠፋሉ፣ እሷም ወደ ክሯ ትመለሳለች። እኔ ሶፋ ላይ ተኝቼ የማን ወገን መሆን እንዳለብኝ ይጠፋኝ ነበር።

ሰመሩን ሙሉ ሰው ይመላለስ ነበር። እማዬ እንደ አገሯ ደንብ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ስታስቆጥራቸው ያልባቸው ነበር፤ አንዱማ የቅድመ አያቱ ስም ጠፍቶት ኒው ጀርሲ ላለችው እናቱ ኮል አደረገ። በመጨረሻ ዳንኤል የሚባል የፌርፋክስ የሳይንስ አስተማሪ ሊያ ከምትባል ነርስ ጋር እራት በላ። እሱ በማግስቱ መጥቶ «ከእንግዲህ ሌላ ሰው አታሳዩኝ» አለ፤ እሷ ግን ደውላ «ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ይቅርብኝ» አለች። ወይዘሮ ሮዛ ጉዳዩን ዘጉት። እኔም አልጋዬ በየት በኩል እንደሚገባ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ።

እማዬ ሳቀች። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የምትል ልጅ የት አገር አለች?» በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ «ዘመድ እናማክር» ተብሎ ይመለሳል፣ እምቢታው የጨዋነት ነው። ስለዚህ ለወይዘሮ ሮዛ ሳትናገር ታክሲ ነጂውን አባቴንና ጎረቤታችንን ጋሽ ታምሩን ሙሉ ልብስ አልብሳ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጋ፣ ወደ ሊያ ወላጆች ቤት ላከችን።

የሊያ አባት በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ሲያዩ «ሃይማኖት አለን፣ እናመሰግናለን» ብለው በሩን ሊዘጉ ነበር። ባለቤታቸው ግን ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን።

ጋሽ ታምሩ «የመጣንበትን ሳናደርስ አንቀመጥም» አሉ።

ስተረጉም ሊያ ከኩሽና ወጣች። «ዳንኤል ነው የላካችሁ?»

አባዬ ለፖሊስ እንኳ መልስ የማያጣ ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ላቡን ጠረገ። «መምጣታችንን አያውቅም። አንቺን ካየ ወዲህ ግን ሌላ አታሳዩኝ ብሏል።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም? ምሽቱን ሙሉ ያወራኝ ስለ ድንጋይ ነው!»

«የፈራ ሰው እንደዚያ ነው፤ እኔም ባለቤቴን መጀመሪያ ያወራኋት ስለ በሬ ነበር» አሉ ጋሽ ታምሩ።

«እና እሺ አለች?»

«ይኸው እስከዛሬ በሬው የታል ትለኛለች።»

ሊያ ሳቋን መያዝ አቃታት። አባዬ «አሁንም እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፤ ደጃችሁን ሁለተኛ አንረግጥም» አለ። እሷም «እኔው እደውልለታለሁ፤ በሉ አሁን ተቀመጡ» አለችን።

ወይዘሮ ሮዛ ይህን ሲሰሙ የጮኹት ጩኸት ያለ ስልክም ከሲልቨር ስፕሪንግ ይሰማ ነበር። ፎል ገብቶ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ በዓላቱ ሳያልፉ ግን ሊያና ዳንኤል ተጫጩ፣ ወይዘሮ ሮዛም የቅርንጫፉን ቁልፍ ለእማዬ ሰጥተው «ከእንግዲህ ሽማግሌ እንዳትልኪ፣ ሳትነግሪኝ» አሏት። የሠርጉ ዕለት ወንበር ጎደለና ከመኝታ ቤቴ ሁለቱን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ሠርግ ያደረስኳቸው የመጀመሪያ ወንበሮች እነዚያ ናቸው።

ዛሬ ሰዉ ስልኩ ላይ በጣቱ እየገፋ ሚስት ይመርጣል፤ እምቢታውም በጣት ስለሆነ ሽማግሌ የሚቆምበት በር የለውም። እማዬ ግን እስካሁን እዚያው ክፍል ትቀመጣለች፣ እናቶችም ይደውሉላታል። እኔም የራሴ ቤት አለኝ፣ ትርፉን ክፍል ወንበር ሞልቶታል።

ሂሳቡ ሲዘጋ፦ ወጪ፣ አንድ መኝታ ቤት። ገቢ፣ ከዚያው ክፍል የወጣ አሥራ ዘጠኝ ሠርግ። አልጋው አልተመለሰም።