እትዬ ቶሎና ያልተነበቡት መልእክቶች

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ቶሎ» ይላታል። መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ሊፍት ከምትጠብቅ አራት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች፣ ላይ ደርሳም ሊፍቱን ትሰድባለች።

ሥራዋ የጎርፍ ትንበያ ነው። አብዛኛውን እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ወንዙን አርባ ቦታ ይከፋፍለዋል። አርባ ሠራተኞች በሏቸው፤ የየድርሻቸውን ጎን ለጎን ያሰሉና ውጤቱን ለአንድ ሰብሳቢ ይልካሉ። አዲሱ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ግን ሜሞሪው እያበጠ እያበጠ ሄዶ በስድስተኛው ሰዓት ፕሮግራሙ ክንብል ይላል። ትንበያው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል።

አለቃዋ ልጅ እግር ነው፤ ክፉም አይደለም።

«እትዬ፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ፕሮግራም እንገዛለን። ክረምቱ ደረሰ እኮ» አላት።

የሃያ ዓመት ልፋቷ ሊጣል ነው።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠረችው። የተወሰደ ሜሞሪ ሁሉ በየቦታው ተመልሷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሜሞሪውን ድምር ብቻ ስታይ እንደከረመች ገባት። የእያንዳንዱን ለየብቻ አወጣችው። አርባዎቹ ንቅንቅ አላሉም፤ የሚያብጠው ሰብሳቢው ብቻ ነው። በአዲሱ ማሽን ላኪዎቹ ፈጥነዋል፤ እሱ አንዱን መልእክት አንብቦ ሳይጨርስ ሌላ አሥር ሜሞሪው ላይ ይከመርበታል።

ላኪዎቹን በየመቶ ዙሩ «ቆዩ፣ ይድረስባችሁ» ብላ የምታስቆም አንዲት መስመር ኮዱ ውስጥ ነበረች። አሁን ከሥራ ውጭ ሆናለች፤ ከጎኗ «ማን ይጠብቃል!» የሚል ማስታወሻ አለ። የጻፈችው ራሷ ናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኸው ነው። መስመሯን ያስገባት ደግሞ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ቤት የተቀመጠው ባሏ ነው። ያኔ ባልደረባዋ ብቻ ነበር፤ በዚህች መስመር ያልተጨቃጨቁበት ቀን አልነበረም።

መስመሯን ወደ ሥራ መልሳ ፕሮግራሙን አስነሳችው። ዓርብ ጠዋት ስትገባ ትንበያው ወጥቷል፤ ሜሞሪው ከጀመረበት ብዙም አልራቀም። አለቃዋ ግዢውን ተወው።

ይቅርታ ከአፏ በቀላሉ አይወጣም። ቢሆንም ባሏ ጋ ደወለች።

«ስማ፣ ያቺ መስመርህ ልክ ነበረች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ያኔማ በዚያ ቀርፋፋ ማሽን ለምንም አታስፈልግም ነበር። እኔም አውቀው ነበር» አላት እየሳቀ።

«ታዲያ ምን አድርግ ብሎህ ነው ሙጭጭ ያልከው?»

«ለጭቅጭቅ ካልሆነ አንቺ የኔን ቢሮ መች ትረግጪ ነበር?»